ለቡቺ የሚጎረሰው አጥንት

ደብዳቤው የመጣው ከሐዋሳ፣ ከአቶቴ ሰፈር ነው። አሳጥሬ ላስነብባችሁ፦

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ቡቺ የሚባል የአምስት ዓመት ውሻና ሚጡ የምትባል ድመት አሉኝ። የምንኖረው ከባለቤቴ እናት ጋር አንድ ግቢ ውስጥ ነው። እጅግ ደግ ሴት ናቸው፤ ችግሬም ደግነታቸው ነው። ባለፈው ፋሲካ እንግዳ ተሸኝቶ ሲያልቅ የዶሮውን አጥንት ሰበሰቡ፣ እንጀራውን በወጡ አጠቀሱና ‹ዓውዳመት ለሁሉም ነው› እያሉ ሁለቱንም አጎረሷቸው። ቡቺ በማግስቱ ማስመለስ ጀመረ፤ ሲጸዳዳም ደም አየንበት። ሦስት ቀን ሐኪም ጋ ተመላለስን። ሚጡ ምንም ሳትሆን ቆይታ በአራተኛው ቀን ዝልፍልፍ አለች፤ ድዷ እንደ ወረቀት ነጣ። እግዜር ይመስገን ሁለቱም ተርፈዋል። እማማ ግን እስከ ዛሬ ‹ዓይን ነው› ይላሉ። ‹ውሻ አጥንት ካልበላ ምን ሊበላ ነው?› ይሉኛል። በቡሄ ማታ ደግሞ ልጆች በራችን ላይ ርችት ሲተኩሱ ቡቺ አጥር ዘሎ ጠፋ፤ በሁለተኛው ቀን አሞራ ገደል፣ ዓሣ የሚሸጡት ጋ አገኘነው። አሁን እንቁጣጣሽ ደረሰ፣ ከዚያ መስቀል አለ። ቤት ላስገባው ስል ‹ውሻ ቤት አይገባም› ይላሉ። ከእሳቸው ሳልጣላ እንስሶቼን እንዴት ላቆያቸው?»

እህቴ፣ ከእማማ ጋር የምትጣዪበት ምክንያት አይታየኝም። እሳቸው ባደጉበት ዘመን ለውሻ የሚደርሰው አጥንት ከእርድ ላይ የወጣ፣ ጥሬ፣ ቅልጥም የሚያህል የበሬ አጥንት ነበር። ውሻው ቀኑን ሙሉ ሲግጠው ይውላል እንጂ አይውጠውም። የዶሮ አጥንት በልቶ የሞተም ካለ «ታመመና ሞተ» ተብሎ ታልፏል፤ የውሻ አሟሟት ማን ይመረምር ነበር? ስለዚህ ያዩትን ነው የሚናገሩት። ያላዩትን ደግሞ አንቺ ታሳያቸዋለሽ።

ጥሬ የዶሮ አጥንት ሲታኘክ ይለምጣል። ወጥ ውስጥ ሲንተከተክ የቆየው ግን ደርቆ እንደ ቀርከሃ ስንጥር እየሾለ ይሰነጠቃል። ስንጥሩ ጉሮሮ ላይ ይሰካል፣ አንጀት ይቧጭራል፣ ሲብስም ይበሳል። በቡቺ ላይ ያያችሁት ደም ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። እማማ ካላመኑሽ ከወጥ የወጣ የክንፍ አጥንት አንስተሽ ፊታቸው ስበሪውና ጫፉን በጣታቸው ይንኩት። ከእኔ ገጽ ሙሉ ጽሑፍ ያ ይበልጣል። ሐዋሳ ነሽና የተጠበሰ ዓሣ አጥንትም ያው መሆኑን ልጨምር፤ «ድመት ትችለዋለች» የሚባለውን አትስሚ።

የሚጡ ነገር ግን ከአጥንት አይመስለኝም፤ ከወጡ ነው። ሐኪም አይደለሁም፣ ድመትሽንም አላየሁም፤ የነገርሽኝ ግን የእንስሳት ሐኪሞች ስለ ሽንኩርት ከሚናገሩት ጋር አንድ ነው። ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም የድመትንና የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ። ጥሬ ቢሆን፣ ቢቁላላ፣ ቢደርቅ፣ ቢፈጭ ለውጥ የለውም። ድመት ከውሻ ይበልጥ ትጎዳለች፤ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቷ 5 ግራም ያህል ሽንኩርት ደሟን ለማወክ ይበቃል። ለውሻ ከ15 እስከ 30 ግራም ነው። ሚጡ 3 ኪሎ ብትሆን 15 ግራም ማለት ነው፤ ይኸውም የአንድ መካከለኛ ሽንኩርት ሩብ እንኳ አይሞላም። ለአንድ ዶሮ ስንት ኪሎ ሽንኩርት እንደምትልጪ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። ያ ሁሉ ሽንኩርት ውሃው ሲጠፋ ነው እዚያች ድስት ሥር ቁሌት ሆኖ የሚቀረው። በቁሌት የራሰች አንዲት ጥሩ ጉርሻ ለሚጡ ብዙ ናት።

ጉዳቱ ደግሞ ወዲያው አይታይም። ቀናት ቆይቶ ነው ድድ የሚገረጣው፣ ሽንት የሚጠቁረው ወይም የሚቀላው፣ ትንፋሽ የሚፈጥነው። ዓይን የሚባለውም ለዚህ ነው፤ አራተኛው ቀን ላይ ሆኖ የእሑዱን ጉርሻ የሚያስታውስ የለም። ወደፊት እንዲህ ያለ ነገር ብታዪ፣ ወይም ወጥ ስትልስ ብትደርሺባት፣ ምልክቱን ሳትጠብቂ ሐኪም ጋ ውሰጃት። ወተት አታጠጪያት። ወተት መርዝ ያረክሳል ሲባል እኔም ሰምቼ አድጌያለሁ፤ የሽንኩርትን ግን አያረክስም።

ፋሲካ ላይ ሌላም ነገር አለ፣ ብዙ ሰው የማያስበው። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። እናንተ ስትጾሙ ቡቺም ሳይጠየቅ አብሯችሁ ጾሟል። ከማዕድ የሚተርፈውን የሚበላ ውሻ ሁለት ወር ሊሞላው ምንም ሳይቀረው እንጀራና ድንች ሲቀምስ ይከርምና በአንድ ቀን ቅቤ የጠጣ ወጥና የበግ ጮማ ይወርድበታል። ሆዱ ይቅርና ቆሽቱ ሊቆጣ ይችላል። የፊት እግሮቹን ዘርግቶ፣ ወገቡን ወደ ላይ አንሥቶ እንደ ሰጋጅ ሲቆም ካየሽው ሆዱን እየቆረጠው ነው። ለሰው «ጾም ሲፈታ ቀስ በሉ» ይባላል፤ ለውሻ የሚል የለም። እንቁጣጣሽ ላይ ፍልሰታ ከተፈታ ሰንበት ስለሚል ይሄ ይቀላል። ለገናና ለመጪው ፋሲካ ግን ያዢው፤ ከበዓሉ ሳምንት ቀድሞ ትንሽ ትንሽ ሥጋ ይልመድ።

ታዲያ ለዓውዳመት ምን ይብላ? ፈረሰኛውን ለቡቺ ስጪ አላልኩም። ሽንኩርቱ ሳይጣድ፣ በርበሬው ሳይነካው፣ ጭብጥ የምታህል ጮማ የሌላት ቀይ ሥጋ ለብቻዋ በውሃ ትቀቀል፤ ጨው የለ፣ ቅቤ የለ። በሩዝ ወይም በእንጀራ ትለወስ። ለሚጡ ከዚያው ላይ ሁለት ጣት ያህል ይበቃታል። እና የዚያች ሳህን ኃላፊ እማማ ይሁኑ።

ይህን የምልሽ ለማባበል ብቻ አይደለም። ዓውዳመት ላይ ቡቺን የሚያጎርሰው እማማ ብቻ መስሎሽ ከሆነ ተሳስተሻል፤ እንግዳው ሁሉ ከጠረጴዛ ሥር ይወረውርለታል፣ ልጆቹም። አንቺ ተነሥተሽ «ለውሻው አትስጡ» ብትዪ «ለውሻ ሰሰተች» ትባያለሽ፤ የእንግዳ ፊት ይጠቁራል። እሳቸው ከመደባቸው ሆነው «ተው ልጄ፣ የእሱ ተቀምጦለታል» ቢሉ ግን ማን ቃል ይመልሳል? ስለዚህ ከበዓሉ ቀደም ብለሽ፣ ቡና ላይ፣ ሰው በሌለበት እንዲህ በያቸው፦ «እማማ፣ የፋሲካው ነገር እንዳይደገም ፈራሁ። ሐኪሙ አጥንትና ወጥ ከልክሏል፤ እንግዳው ደግሞ አይሰማኝም። እርስዎ ካልጠበቁልኝ ማን ይጠብቅልኛል?» ስለ ዓይን አትከራከሪያቸው። ዓይንም ይሁን ሽንኩርት፣ ጉርሻው ከቀረ ይበቃሻል። ለአጥንቱ ክዳኑ የሚገጥም ባልዲ አዘጋጂ፤ ሚጡ የፌስታል ቋጠሮ አያግዳትም።

ወደ መስቀል ልለፍ። ቅርጫ ከገባችሁ፣ ወይም ግቢ ውስጥ በግ ከታረደ፣ እዚያ ያለው አደጋ ለውሻው ሳይሆን ለእናንተ ነው። በበሬና በበግ ጉበት ወይም ሳንባ ላይ አንዳንዴ ውሃ የቋጠረ ነጣ ያለ ከረጢት ይገኛል። አራጁ «ይሄ አይበላም» ብሎ በካራው ሸርከት ያደርግና ወደ ውሻው ይወረውረዋል። ስንቴ አይቻለሁ መሰለሽ! ከረጢቱ ውስጥ ያለው የኮሶ ትል ወገን የሆነ ሌላ ትል እጭ ነው። ውሻው አንጀት ገብቶ ከ7 ሚሊሜትር የማይበልጥ ትል ይሆናል። ውሻውን አያሳምመውም፣ አያከሳውም፤ ስለዚህ ማንም አይጠረጥርም። እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፣ ጸጉሩ ላይ ይጣበቃል። ሕፃን ልጅ ውሻውን አሻሽቶ በዚያው እጁ ዳቦ ይበላል። ከዚያ ከረጢቱ በሰው ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ምንም ሳያሳይ ለዓመታት ያድጋል፤ ብዙ ጊዜም የሚወጣው በቀዶ ሕክምና ነው።

የእርድ ተረፈ ምርት ውሻ ቆፍሮ የማያወጣው ጥልቅ ጉድጓድ ይቀበር፣ ወይም ይቃጠል። «ለቡቺ ይሁንለት» የሚል ካለም ጤነኛው ክፍል ተለይቶ 40 ደቂቃ ያህል ይንፈቅፈቅ፤ ጥሬ በፍጹም። ትሉን የሚገድለው መድኃኒት ፕራዚኳንቴል ይባላል። በዓመት አራት ጊዜ፣ ማለትም በየሦስት ወሩ ይሰጣል፤ መጠኑን ሐኪሙ በክብደቱ ያሰላል። አራጁን ደግሞ ሥራ ሳይጀምር በፊት ንገሪው። ካራ ከተያዘ በኋላ የሚሰማ የለም።

(ከበዓላቱ ሁሉ ለቡቺ የሚቀለው የከተማችሁ ፍቼ ጨምበላላ፣ የሲዳማ ዘመን መለወጫ ነው። እርድ የለ፤ ማዕዱ ቅቤና ወተት ያለው ቡርሳሜ ነው። ሰዉም ወደ ጉዱማሌ ይወጣል። ቡርሳሜውን ግን አታቅምሺው፣ ቅቤው ይበዛበታል።)

አሁን ርችቱ። የሰው ጆሮ የሚሰማው እስከ 20 ሺህ ኸርዝ ነው፤ የውሻ እስከ 45 ሺህ፣ የድመት ደግሞ ከ60 ሺህ በላይ ይደርሳል። ለእኛ «ጧ» ብሎ የሚያልፈው ለእነሱ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ መብረቅ ነው። ቡቺ አጥር የዘለለው ስለፈራ እንጂ ስለባለገ አይደለም፤ ሲመለስ ገርፋችሁት ከሆነ፣ የተማረው ነገር ቢኖር ቤት መመለስ እንደሚያስገርፍ ነው።

እማማ ውሻ ቤት አይገባም ማለታቸው ጸበል ያለበት፣ ስዕል የተሰቀለበት ቤት ስለሆነ ነው። እኔም እናቴ ቤት ውሻ ደጃፍ አልፎ አያውቅም። ደግሞም ሳሎን አያስፈልገውም፤ እንግዳ የሞላበት ሳሎን ለፈራ ውሻ ከግቢው አይሻልም። ሰርቪስ ቤት ወይም ዕቃ ቤት ካላችሁ እሱ ነው ቦታው። ከአሁን ጀምሮ ማታ ማታ እዚያ ይብላ፣ አሮጌ ብርድ ልብስ ይነጠፍለት፤ በዓሉ ሲደርስ አዲስ እስር ቤት እንዳይመስለው። ጳጉሜን መጨረሻ ማታ ችቦው ሳይለኮስ፣ መስከረም 16 ደግሞ ሰው ከደመራ ሳይመለስ፣ በቀን በደንብ አንሸራሽሪው፣ አብዪውና ገና ሳይጨልም አስገቢው። መስኮቱን በጨርቅ ሸፍኚ፣ ሬዲዮ ክፈቺለት። ሚጡ ከአልጋ ሥር ከገባች እዚያው ተያት፤ ጎትተሽ ካወጣሻት ትቧጭርሻለች፣ ልክም ናት።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር አጥብቄ እነግርሻለሁ። አንደኛው፣ ያ ክፍል ከሰል የሚቀጣጠልበት እንዳይሆን። በዓል ነው፣ ምድጃው ሁሉ ይለኮሳል፤ የቡናው ከሰል ሳይጠፋ ዕቃ ቤት ይቀመጥና በሩ ይዘጋል። ጭሱ ሽታ ሳይኖረው ሰው ይገድላል፣ ውሻም ይገድላል። ሁለተኛው፣ ርችት በሚተኮስበት ማታ በሰንሰለት አትሰሪው። ታስሮ አጥር የሚዘል ውሻ በወዲያ በኩል ተንጠልጥሎ ነው የሚገኘው። እንዲረጋጋ ብለው አረቄ የሚያጠጡም አሉ፣ የሰው ማስታገሻ የሚሰጡም። ፓራሲታሞል አንዷ ፍሬ ድመት ትገድላለች። ፍርሃቱ ከጠናበት ለእንስሳ የሚሆን ማረጋጊያ ሐኪሙ ያዝለታል፤ ቀደም ብለሽ ጠይቂ።

አንገቱ ላይ ማሰሪያ ይኑረው፣ ማሰሪያው ላይ በማይለቅ ቀለም ስልክሽን ጻፊ። አሞራ ገደል ያገኘሽው በዕድል ነው። እዚያ ለመድረስ ስንት ባጃጅ አልፎ እንደሄደ አስቢው። ሳይጠፋ በፊት ከፊትም ከጎንም ፎቶ አንሺው።

የእንቁጣጣሽ ጠዋት ልጃገረዶቹ «አበባየሆሽ» እያሉ፣ ወንዶቹ የሣሉትን አበባ ይዘው በር ሲያንኳኩ ቡቺ ጓሮ፣ በር ተዘግቶበት ይሁን። ማታውን ሙሉ ሲፈራ ያደረ ውሻ ጠዋት የማያውቀው ልጅ ዘሎ ሲገባበት ሊነክስ ይችላል፤ ከዚህ በፊት አለመንከሱ ዋስትና አይሆንም። ከነከሰ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ማጠብ፣ ከዚያ በዓል ነው ሳይባል ጤና ጣቢያ። ፌጦ፣ ቅባት፣ ነጭ ሽንኩርት ምኑም ቁስሉ ላይ አይደረግም። ውሻውን አትግደሉት፤ ለብቻው ተዘግቶ 10 ቀን ይታያል። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ አንዴ ከታየ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። ክትባቱ ግን ቀላል ነው። መቼ እንደተከተበ አልጻፍሽልኝም፤ ተከትቦ የማያውቅ ከሆነ መከላከያው እስኪጠነክር አራት ሳምንት ይፈልጋል። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ብታስከትቢው ለመስቀል ይደርሳል እንጂ ለእንቁጣጣሽ አይደርስም። የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀንም በአብዛኛው ዓመት በመስቀል ማግስት፣ መስከረም 18 ነው የሚውለው።

የኔን ቤት ጉድ ሳልነግርሽ አልቀርም። አንድ የገና ዋዜማ የድፎ ዳቦው ሊጥ ኩፍ እንዲል ወጥ ቤት ወለል ላይ ተሸፍኖ አደረ። ጎበዝ የሚባለው ውሻችን ሸማውን ገልጦ ግማሹን ጨረሰው። ጠዋት ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቶ፣ ግድግዳ ተደግፎ እየተንገዳገደ አገኘነው። «ሰክሯል» ብለን ሳቅንበት። እውነትም ሰክሮ ነበር። ሊጡ ሆዱ ውስጥ መኩፈሱን ቀጥሎ፣ እርሾው አልኮል ያወጣል። መሳቁን ትተን ሐኪም ስንፈልግ የምናውቀው ክሊኒክ ተቆልፏል፣ ስልኩም አይነሣም። ከሁለት ሰዓት በኋላ የጎረቤት ልጅ የሚያውቀው አንድ ወጣት ሐኪም ቁርሱን ትቶ መጣ። ጎበዝ ተረፈ፤ ዳቦ ግን ከጎረቤት ተበድረን ነው የቆረስነው። የጠላ አተላውንም የቡናውን አተላ ከነፍሬውም ከዚያ ወዲህ ክፍት ትተን አናውቅም።

ከዚያ የተማርኩት በዓል ሳይደርስ መደወልን ነው። የምትሄዱበትን ሐኪም «የበዓሉ ቀን አለህ? ከሌለህ ማን አለ?» ብለሽ ጠይቂውና ሁለት ስልክ ፍሪጁ ላይ ለጥፊ። ከተማሽ ውስጥ ዩኒቨርሲቲው የእንስሳት ሕክምና ያስተምራልና ጠይቂ፤ መንገድ የሚጠቁምሽ አታጪም። ታኅሣሥ 19 ገብርኤል ሲነግሥ ደግሞ ከተማው በእንግዳ ይሞላል፣ መንገዱም ይዘጋጋል፤ የዚያን ቀን በየት በኩል እንደምትወጪ ቀድመሽ አስቢበት።

ሌላውን ሁሉ ብትረሺ የእማማን ወሬ አታቆዪው። ዶሮዎቹ ተገዝተው እግራቸው ታስሮ ጓሮ ከገቡ በኋላ የሚያዳምጥ ሰው አታገኚም፤ እሳቸውም ሥራ ይይዛሉ። ነገ ቡናው ላይ ንገሪያቸው፣ ከመስቀል በኋላም ምን እንዳሉሽ ጻፊልኝ።